ከመንገድ ማዶ የሚነበብ

«ምን እየሠራሽ ነው እዚህ?» አለች አክስቷ፣ የተደራረቡትን ወንበሮች በዳሌዋ ገፋ አድርጋ።

ልጅቷ ጓዳ ውስጥ፣ ከጎረቤት ተውሰው ባመጧቸው ትርፍ ወንበሮች ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የአሮጌ ግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገጽ ተገልብጦ ተዘርግቷል። በነጩ ጀርባው ላይ ሳሎን የሞሉት ለቀስተኞች በጥቁር እርሳስ ተስለዋል። አፋቸው የጉድጓድ ያህል ሰፊ ነው፤ ጆሮ ያለው ግን አንድም ሰው የለም።

«ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ?» አክስቷ ወረቀቱን መነተፈችው። «እናትሽ ከተቀበረች ሁለት ቀን ሳይሞላት ሥዕል? ሰው ምን ይላል?»

«ሥዕል አይደለም። የዛሬ ውሎ ነው» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ግን ከራሷ ጆሮ አላለፈም። አክስቷ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ወንድሟ ድንገት የሞተችበትን ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እሷ ጀርባዋን አላሳረፈችም፤ ሻይ ማፍላቱም፣ ሰው መቀበሉም፣ መሸኘቱም በእሷ ጫንቃ ላይ ነው።

ልጅቷ ወደ ሳሎን ስትገባ ሹክሹክታው እንደ ቧንቧ ውኃ ቀጥ አለ። «ውይ የኔ እናት» ብለው አንዷ ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ ቀጥሎ ላሉት አቀበሏት፤ እሳቸውም ለቀጣይዋ። የማታውቃቸው ሳሙናዎች እየተፈራረቁ ሸተቷት። «በላሽ?» ይሏታል ሁሉም። «በልቻለሁ» ትላለች። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ በልቻለሁ ብላለች። ከዚያ ሌላ ነገር የጠየቃት የለም።

አባቷ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፍን በጣቱ ብቻ ከቁልፍ የሚለይ ሰው፣ አሁን ጥግ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ እንደ ባዶ ሳህን አኑሯቸዋል። «ያጽናህ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ለቀብር የለበሰውን ልብስ፣ ያሰረውን ጫማ አልቀየረም።

የወረቀቱ ነገር የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሽታው ሰውን ሁሉ በየቤቱ የቆለፈ ጊዜ ነው። እናቷ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። አጣቢዎቹ በሽታውን ወደየቤታቸው ይዘው እንዳይገቡ እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲያድሩ ታዘዘ። ሁለት ሳምንት ነው የተባለው ሰባ ሦስት ቀን ሆነ። ልጅቷ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል።

«የኔ ፍንጭት፣» አለቻት እናቷ በስልክ፤ በዚህ ስም የምትጠራት እሷ ብቻ ነበረች። «በየቀኑ የሆነውን ጻፊልኝ። አንዲት ቀን እንኳ እንድታመልጠኝ አልፈልግም።»

«እኔ መጻፍ አልወድም። ፊደሎቼ ይገለበጡብኛል።»

«ማን ፊደል አለሽ? ቀኑን ያዢልኝ እንጂ፤ እንዴትም አድርገሽ። ብቻ ትልቅ ይሁን፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ከሆስፒታሉ አጥር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ እንዲቆም ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ አባቷ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀሙትን የቀን መቁጠሪያዎች ገነጣጥላ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ መደበች። ዝናብ የጣለ ቀን ወረቀቱን ውጪ አስጥታ፣ ጠብታ ያረፈበትን ሁሉ በእርሳስ ከበበችው። ጎረቤቷ ሴትዮ ከግድግዳው ወዲያ ሲዘፍኑ ድምፃቸውን ሽቅብ ቁልቁል በሚል መስመር ተከተለችው፤ ሲያስላቸው መስመሩ ይሰበራል። ምንም ያልሆነበት ቀን እግሯን አስቀምጣ ዙሪያውን ሳለች። እናቷ ስልክ ያልደወለችበትን ቀን ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረችው።

ቅዳሜ ሲደርስ አባቷ ከላይ፣ እሷ ከታች ይዘው ገጾቹን ተራ በተራ ያሳያሉ። እናቷ ከአጥሩ ወዲያ ከአጣቢዎቹ መሀል ሆና መዳፏን አፏ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጋ ትጮኻለች።

«ድመት ናት?»

«አይደለም! አባባ እያንኮራፋ ነው!»

እናቷ ዘወትር ትስታለች። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ረጅም ሴትዮ መጡ። ከእናቷ ጋር ልብስ ያጥቡ ነበር፤ እጃቸው በሳሙና ብዛት ቆዳው ተልጧል። ሌሎቹን አልፈው ቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄዱና ጎንበስ አሉ።

«ፍንጭት የምትባይው አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ ክው አለች። ይህ ስም አብሮ የተቀበረ መስሏት ነበር።

«ወረቀቶችሽን እኮ እንደ ሲኒማ ነበር የምንጠብቃቸው። አባትሽን ድመት ያልንበት ቀንማ! ሳቃችን ተከትሎን ማጠቢያ ክፍል ገባ።»

«እማዬ ሆን ብላ ነበር የምትሳሳተው። እኔ እንድስቅ።»

ሴትዮዋ የልጅቷን እጅ ያዙ። ሻይ ልትቀዳላቸው የመጣችው አክስቷም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ሆን ብላ እንኳ አልነበረም፣ የኔ ልጅ። መነጽሯ በመጀመሪያው ሳምንት የልብስ ጋሪ ሄደበት። ሁሉ ነገር ዝግ፤ የት ይሠራ? እኔ ነበርኩ አጠገቧ ቆሜ የምነግራት። ድመቷም የእኔ ናት።»

«‹መነጽሬን ያወለቅሁት ጭንብሉ ጉም እያለበሰው ነው› ብላኛለች።»

«ምን ታድርግ? ‹ማየት እንደማልችል ካወቀች ማምጣቱን ትተወዋለች› ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔንስ?» አለች ልጅቷ። «እኔንም አላየችኝም?»

«ቀይ ሹራብሽን ታያለች። ‹ቀይዋ ነጥብ መጣች› ትላለች። ከዚያ እኔን በጥያቄ ማጣደፍ ነው፤ ከስታለች? አባቷ እጇን ይዟታል? ትስቃለች?»

ልጅቷ ተነሥታ ጓዳ ገባች። አሥር ቅዳሜ ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብላ ቆማለች፤ ፈገግታዋን ያየው ግን ሌላ ሰው ኖሯል። ቀብር ላይ እንባ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን ሹራቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ማንም እንዳይሰማት አለቀሰች። በእናቷ ተናዳለች፤ የምትናደድባት እናት ደግሞ የለችም።

ትንሽ ቆይቶ አክስቷ ጉልበቷ እየተንቋቋ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ በመዳፏ እየዳመጠች እጥፋቱን አቃናችው።

«እውነት አፌ ይሄን ያክላል?»

«ያክላል።»

«ይሁን» አለች አክስቷ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ። ወረቀቱን ሰጥታት ተነሣች። ከዚያ በኋላ የወንበሮቹን ጥግ ማንም እንዳይነካባት ጠበቀች።

በአምስተኛው ቀን ወንበሮቹ ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። አክስቷም ወደ ልጆቿ ሄደች። ቤቱ ባዶ ሲሆን ድምፅ ሁሉ ያስተጋባ ጀመር። ልጅቷ የአምስቱን ቀን ገጾች ይዛ አባቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ ከማዶ አታየኝም ነበር። ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ አባቷ። «አስምላኛለች። አንቺ ደግሞ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በእሱ ነበር የምትኖሪው።» መዳፎቹን ተመለከተ። «እኔም።»

«እኔ እኮ ያየችኝ መስሎኝ ነው…»

«በመጣች ማግሥት ያደረገችውን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። እናቷ በአዲሱ መነጽሯ ሰባ ሦስቱንም ገጽ ከሳሎን እስከ ጓዳ ዘርግታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች፣ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ምንም ሳይቀራት፣ ሁሉንም በጣቷ እየነካች ነበር የዋለችው። ምሳም አልበላችም። ጥቁሩ ገጽ ላይ ስትደርስ ረጅም ጊዜ ቆየች። «ስንቴ ታይዋለሽ እማዬ?» ብላ ልጅቷ ስቃባት ነበር።

«ያኔ ነው ያየችው» አለ አባቷ። «የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።»

ልጅቷ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች። ገጾቹን አንድ በአንድ እያነሣች ትነግረው ጀመር፤ ይሄ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ይሄ ሁሉም በላሽ ያሉኝ ቀን ነው። አባቷ «እህ» ይላል። ሦስተኛው ላይ «እህ» ማለቱን ተወ። ቀና ስትል አንገቱ ወደ ጎን ዘምሟል። ለአምስት ቀን ያልመጣለት እንቅልፍ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወንበር ላይ ጥሎታል።

ንግግሯን አላቋረጠችም፤ ድምፅዋን ብቻ ዝቅ አደረገች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ወረቀቶቹን መሬት ላይ አኑራ ወደ ጫማው ጎንበስ አለች። ከቀብር ያመጣው ጭቃ ማሰሪያው ላይ ደርቋል። እንዳይነቃ እየተጠነቀቀች፣ ጭቃውን በጥፍሯ እያረገፈች፣ የቀኙን ፈታችለት፤ ከዚያ የግራውን።