ለጋው ሽማግሌና አናጺው

ለሃያ ዓመት ጎረምሳ «ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶ መንገድ ላይ የለቀቀ ሰው፣ ሳቁንም አብሮ መቀበል አለበት። ከአሜሪካ የመጣው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሚስዮናዊ ልጆቻቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ ደረታቸው ላይ ባለው ጥቁር ባጅም ተጽፏል። ከእነዚህ ሚስዮናውያን ሁለቱ ነጭ ሸሚዝና ክራቫት አድርገው ጎን ለጎን ሲያልፉ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ «ሽማግሌ፣ ምርኩዝዎን የት ጣሉት?» ይላቸዋል። እነሱም ፈገግ ብለው ያልፋሉ፤ ምን ያድርጉ?

አንደኛውን ደንቡ እንበለው። ጓደኞቹም የሚጠሩት እንደዚያ ነበር፤ «ደንቡ እንዲህ ይላል» ሳይል የሚውልበት ቀን የለምና። ክፉ ልጅ ግን አልነበረም። ሁለተኛው የታሪካችን ሰው ነው፤ ጺም የሚባል ገና ያልዞረበት፣ ሲያዩት የሚያሳዝን። በኋላ አንድ አናጺ «ለጋው» ብሎታልና እኛም እንደዚያው እንጥራው።

አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንዱ ከሌላው ዓይን አይርቅም፤ ሽንት ቤት ካልሆነ በቀር። ጠዋት ጠዋት ከየአልጋቸው አጠገብ ተንበርክከው «ዛሬ በየት በኩል እንሂድ? ማን ይፈልገናል?» ብለው ይጸልያሉ። መልሱ ደረት ላይ እንደ ሙቀት ሆኖ እንደሚመጣ ተምረዋል። ለደንቡ ይመጣለታል፤ ቧንቧ የመክፈት ያህል ነው የሚቀለው። «ከፖስታ ቤቱ ጀርባ» ይልና ጉልበቱን አራግፎ ይነሳል። ለጋው ግን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ደረቱ ያው ነው። ከማፈሩ የተነሳ «አዎ፣ እኔም እንደዚያው ተሰማኝ» ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዚያ ደረት ሌላ ነገር ቦታውን ይዞበት ነበር። አባቱ ይናፍቀው ነበር። አናጺ ነበር አባቱ፤ ልጁ ለአገልግሎት ሊወጣ ሲሰናዳ ድንገት ታሞ ሞተ። እናቱ በየሳምንቱ በስልክ ሲያገኛት የባጥ የቆጡን ታወራለታለች፤ የአባቱን የእንጨት ሥራ ቤት ለጫማ ነጋዴ ማከራየቷንም እንደ ምሥራች ነው የነገረችው። «ጎሽ እማዬ» አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ያን ዕለት ምሳ አልበላ አለው።

አንድ ጠዋት መንገድ የመምረጥ ተራው የሱ ሆነ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ሲያይ፣ ሳያስበው ደረቱ ሞቀ። የሞቀውም ለብ ማለት አይደለም፤ ዓይኑ እስኪረጥብ ነው። «በዚህ በኩል» አለ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ እያመለከተ። ደንቡ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ አደረገው። በጠባቧ መንገድ ገብተው፣ ገርበብ ያለ የብረት በር አንኳኩ።

የከፈተላቸው አናጺ ነበር፤ ስድሳን ያለፈ፣ ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ የተነሰነሰበት፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ። ደንቡ እንደ ልማዱ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ሲነግረው፣ ሰውየው ከእግር እስከ ራሳቸው አይቷቸው «እናንተ ሽማግሌ ከሆናችሁ እኔን ቀብራችሁኝ ሂዱ» አለ። ከዚያ አስገባቸው። ሻይ ላፍላ ቢል ሻይም ቡናም እንደማይጠጡ ነገሩት፤ ሙቅ ውሃ ክልክል አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ባዶውን አፍልቶ በብርጭቆ ቀዳላቸው። ሚስቱ ሞታለች፤ አንድ ልጁ ሩቅ አገር ነው፤ ትዝ ሲለው ይደውላል፣ ትዝ የሚለው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለጋውን ማን ይቻለው? በጸለየ ቁጥር ደረቱ ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር ያቺው ጠባብ መንገድ ናት። አናጺው መላጊያውን ሳያስቀምጥ ትምህርቱን ይሰማል፤ የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ይላል። ሻይ ይተዋሉ? እሺ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ? እሺ። ይጠመቃሉ? ሲባልም ለጋውን አየት አድርጎ «እሺ» አለ። የሚመጣው እሑድ ነጭ ልብስ ለብሶ ውሃ ውስጥ እንዲገባ፣ የሚያጠምቀውም ለጋው እንዲሆን ተቆረጠ። ለለጋው የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ መንፈስ መራኝ ብሎ ደጃፉን ያንኳኳበት፣ በሩም የተከፈተለት። የደስታው ደስታ!

ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ አናጺው ሁለት ጣውላ በኮላ ሲያጣብቅ፣ ለጋው እጅጌውን ሰብስቦ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞለት ነበር። «ይበቃል ወይስ ልያዘው አባዬ?» አለ።

አናጺው ያልሰማ መስሎ ኮላውን ጠረገ። ደንቡ ግን ሰምቷል። መንገድ ላይ እስኪርቁ ታገሠና፣ ያን ቀን መስቀለኛው መንገድ ላይ ምን እንደተሰማው ጠየቀው። ለጋው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተናዘዘ። ደረቱ ከመሞቁ በፊት ነፋሱ አንድ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር፤ የኮላና የተላገ እንጨት ሽታ፤ የአባቱ ሸሚዝ ሽታ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር። እንዳላወቀ ሆኖ ነው እንጂ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሚስዮኑ ቢሮ ተደወለ። ለጋው ተዛውሯል፤ ሰኞ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የነሱ ወግ እንዲህ ነው፤ ሰው ከሰው ሲላመድ ዝውውር ይመጣል። ደንቡ አሰበ አሰበና ለአናጺው ከጥምቀቱ በኋላ ቢነገር ይሻላል አለ፤ ውሸት እኮ አይደለም፣ መዘግየት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለጋው ተንበረከከ። ልንገረው ወይ? ብሎ ጸለየ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ጸለየ። ከጎረቤት የልብስ ማጠብ ድምፅ ይሰማል እንጂ ሌላ የለም። ደረቱ እንደ ሲሚንቶ ቀዝቅዟል። ተነስቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«መልስ አገኘህ?» አለው ደንቡ።

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ በምን ልንሄድ ነው?»

«በእግራችን።»

ሲደርሱ አናጺው የነገውን ነጭ ልብስ ለክቶ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። ለጋው አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ ሰኞ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፤ አልመለስም» አለ። «ደግሞ ሌላም አለ። መንፈስ ወደ እርስዎ መራኝ ያልኩት... እኔ እንጃ። አባቴ አናጺ ነበር። ሞቷል። ቤትዎ እሱን እሱን ይሸተኛል። ለዚያ ነው የምመጣው።» ደንቡ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

አናጺው መላጊያውን በቀስታ አስቀመጠ። ሚስማሩ ላይ ያለውን ልብስ ብዙ አየው።

«እኔስ ብትል፣» አለ በመጨረሻ፣ «እሺ እሺ ያልኩት ለእግዚአብሔር መሰለህ? እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው። በሩ ሲንኳኳ ልጄ የመጣ እየመሰለኝ ነው የምከፍተው። ነገ አልጠመቅም፤ ለሱ ብዬ የምገባ ቀን እገባለሁ። ለአንተ ብዬ ከገባሁ ግን ውሃውም ይታዘበኛል።»

ለጋው አንገቱን ደፋ። ይኸው፣ የመጀመሪያው ሰው አመለጠው። ቢሮ ሲጠየቅ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት ግድ አልሰጠውም። የቸገረው ከዚያ ክፍል መውጣት ነበር። ደንቡ ጉሮሮውን ጠርጎ የስንብት ጸሎት ሊጀምር ሲል፣ አናጺው በእጁ አስቆመውና ቆቡን አወለቀ።

«ጌታ ሆይ፣» አለ፣ ለጎረቤት እንደሚያወራ፣ «ይህ ልጅ አባቱን ፈልጎ ነው የመጣው፤ አንተን የፈለገ መስሎት ነው፣ አትቀየመው። እኔም ልጄን ብዬ ነው የከፈትኩለት፤ እኔንም አትቀየመኝ። እኔ ከሰኞ ወዲያ አላየውም። አንተ ግን ታየዋለህ። መንገዱ ሲጠፋው ዝም አትበለው፤ ዝም ሲሉት ይከፋዋል። አሜን።»

ለጋው አሜን ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። በአባቱ ቀብር ላይ «አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን አጽናት» ብለውት የዋጠው ለቅሶ፣ ይኸው አሁን በሰው ቤት፣ በሰው አባት ፊት ገነፈለ። ሳጉ ትንፋሽ አሳጥቶት የአናጺው ጠረጴዛ ላይ ተደፋ። ደንቡ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገቡ ቆመ።

አናጺው ሰጋቱራውን ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ገለል አደረገለት።

«አልቅስ ልጄ፣ አይዞህ፣» አለው። «ዛሬ አንተ አልቅስ። ሰኞ ስትሄድ የኔ ተራ ነው።»