የኋላ ወንበሩ ለማን ይበቃል

፩

ከዚያ አቶ ላቀው ተቀመጡ።

ሦስት ሽማግሌዎች እኅቴን ለትዳር ሊጠይቁ መጥተው፣ ሳሎናችን መካከል ቆመው፣ አባቴ ገና አንድ ቃል ሳይመልስላቸው አንደኛው ሽማግሌ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

ተቀመጡ።

የጋብቻ ሽማግሌ የጠየቀውን ሳያገኝ አይቀመጥም። ቢለመን፣ ወንበር ቢሳብለት፣ ክንዱን ቢይዙት አይቀመጥም። ልመናው መቆሙ ነው። ከመልሱ በፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል። አቶ ላቀው ደግሞ ይህን የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ የሰፈራቸውን ግማሽ የዳሩት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ለምን ተቀመጡ? በአንድ መኪና የኋላ ወንበር ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወንበር ነው። ሌላ ነገር የጠበቀ አንባቢ እዚህ ላይ መውረድ ይችላል።

፪

ሰዎቹ።

ሕሊና፣ እኅቴ። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ከልጇ ጋር የምትኖረው እኛ ቤት፣ ኮልፌ ነው።

ሶልያና፣ ልጇ። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ መታጠቢያ ቤት እንኳ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

አባታችን አቶ ደምሰው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ።

አቤኔዘር፣ እኅቴን ሊያገባ የፈለገው ሰው። አንድ ባንክ ውስጥ አብሯት ይሠራል። ቀይ የስፖርት መኪና አለው። ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ። የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

፫

የመለኪያ ወረቀት

መኪና፦ ቀይ፣ ሁለት በር
የወንበር ብዛት፣ ባለቤቱ እንዳለው፦ አራት
የወንበር ብዛት፣ እኔ እንዳየሁት፦ ሁለት ወንበርና ሁለት ጉድጓድ
የኋላው መቀመጫ ስፋት፦ 38 ሴንቲ ሜትር
ከኋላው መቀመጫ እስከ ጣሪያው፦ 76 ሴንቲ ሜትር
ከኋላው መቀመጫ ጫፍ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ፦ 9 ሴንቲ ሜትር
ለእግር የተተወ ቦታ፦

፬

የሆነ አገር፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይህን ወንበር ነድፎታል። ደመወዝ ተከፍሎታል። ማታ ቤቱ ሲገባ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ሲሉት «ወንበር» ብሏል። ሐሰት ነው።

ብዙ ወንበር ፈትቼ ሰፍቻለሁ። የሚኒባስ ተጣጣፊ ወንበር ያሳዝነኛል እንጂ አልንቀውም፤ ቢያንስ የተሠራው ሰው ሊቀመጥበት ነው። የዚህኛው መኪና የኋላ ወንበር ግን ለመቀመጥ አልተሠራም። «ቤተሰብህንስ?» ተብሎ ለሚጠየቅ ወንድ መልስ እንዲሆነው ነው የተሠራው። ጥሩ ቆዳ አለው፣ ቀበቶ አለው፣ የመጠጥ ማስቀመጫ አለው። የሌለው የሰው ቦታ ብቻ ነው።

ቆዳውን አውልቄ በሰማያዊ ጨርቅ አለበስኩት። አቤኔዘር ነው የጠየቀኝ። «ለሶልያና ብዬ ነው» አለኝ።

፭

እኔ ሱቅ ውስጥ የተባለው፣ እንደተባለ፦

አቤኔዘር፦ ለሕፃን ትበቃለች አይደል?
እኔ፦
አቤኔዘር፦ ሕፃን ልጅ ምን እግር አላት?
እኔ፦
አቤኔዘር፦ አንተ ልጅ፣ መርፌውን ዋጥከው እንዴ?
እኔ፦ ትበቃታለች።*

* እንዲሄድልኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን የግርጌ ማስታወሻ ከጽሑፉ ሁሉ በላይ ብዙ ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ።

፮

አባቴ ስለ አቤኔዘር ለእኅቴ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽማግሌ ይላክ፣ እሰማለሁ፤ ግን ልጅቷን የት እንደሚያስቀምጣት አስቀድሞ ያስብበት አለ። አባቴ ሰውን የሚያውቀው በወንበር ቁጥር ነው። እኅቴም ይህንኑ ለአቤኔዘር ነገረችው።

አቤኔዘርም አሰበበት። ያሰበው ይህን ነው፦ ሦስቱን ሽማግሌዎች በዚያው መኪና ቢያመጣቸው፣ ሦስት ትልልቅ ሰው የያዘ መኪና አንዲት ሕፃን አይዝም የሚል ሰው አይኖርም።

የሚያገባው ልጅ ሽማግሌዎቹን ራሱ ይዞ አይመጣም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹም በታክሲ እንሂድ፣ አንደኛው ደግሞ የወንድሜ ልጅ መኪና አለው ብለው ነበር አሉ። አቤኔዘር እንቢ አለ። ጥግ ላይ አቁሞ እንደሚጠብቃቸው ነገራቸው።

ኩሩ ነበር።

፯

ከኋላ እንዴት ይገባል

ነጠላህን ሰብስብ። የፊተኛውን ወንበር ማጠፊያ ፈልግ። አታገኘውም። ባለቤቱ ወርዶ፣ ዞሮ፣ «እዚህ ጋ ነው እኮ» ብሎ ያጥፍልህ። ቀኝ እግርህን አስገባ። ራስህን አስገባ። ግራ እግርህን ፈልግ፤ ውጭ ቀርቷል። በእጅህ ይዘህ አስገባው። ጣሪያው አናትህን ከመታህ ደርሰሃል ማለት ነው። ፊተኛው ወንበር ወደ ቦታው ሲመለስ አትተንፍስ።

ከስድሳ ዓመት በላይ ከሆንክ ይህን መመሪያ አትሞክረው።

፰

አቶ ገዛኸኝ ከፊት ተቀመጡ። ተናጋሪው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ ሰውነታቸውም ከፊት እንጂ ከኋላ አይታሰብም። መምሬ ፍሥሐ ከሹፌሩ ኋላ ሆኑ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ስለነካ አውልቀው ጭናቸው ላይ ያዙት። አቶ ላቀው ከአቶ ገዛኸኝ ኋላ ሆኑ። አቶ ላቀው ረጅም ናቸው። አቶ ገዛኸኝ ደግሞ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት።

ትንሽ።

ከሲኤምሲ እስከ ኮልፌ እንዲህ መጡ። እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መንገዱ በመኪና ሞልቷል። የጉብታውን ብዛት መምሬ ፍሥሐ ቆጥረውት ሃያ ስድስት ነው ብለዋል። በእያንዳንዱ ጉብታ አቶ ላቀው ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች።

በራችን ጋ ሲደርሱ አቤኔዘር ስልክ ደወለልኝና ና አውጣቸው አለኝ። ሄድኩ። መምሬን በብብታቸው ይዤ ሳብኳቸው። አቶ ላቀውን ለማውጣት የፊተኛውን ወንበር በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት መግፋት ነበረብኝ። ሲወጡ ግራ እግራቸው የለም። እግሩ አለ፤ እሳቸው ግን አያውቁትም። «የኔ ልጅ፣ ያዘኝ፤ ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። ሰው መርጠው ነው የነገሩት።

አቤኔዘር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

፱

ሳሎኑ ውስጥ የሆነው።

ሦስቱ ገብተው ቆሙ። አባቴ ቁጭ በሉ አላቸው፤ እንደ ደንቡ እንቢ አሉ። አቶ ገዛኸኝ ንግግር ጀመሩ። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ አዳም ብቸኝነት፣ ስለ አቤኔዘር ጨዋነት ተናገሩ። አባቴ ስለ እያንዳንዱ ነገር ጠየቃቸው። የአቤኔዘር አያት የት ተወለዱ? በየትኛው መንገድ ነው የሚኬደው? ያኔ ድልድዩ ነበር? አባቴ ያን መንገድ ነድቶበታል፤ ድልድዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እያስቆማቸው ነበር።

የአቶ ላቀው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሱሪያቸው ላይ ይታየኝ ነበር። መምሬ በክርናቸው ደገፏቸው። አቶ ገዛኸኝ፣ ከፊት የመጡት፣ ስለ ድልድዩ ሰፊ ማብራሪያ ይሰጡ ነበር።

ቁጥር ፩ እዚህ ይገባል። ተመልሰህ አንብበውና ና።

አባቴ፣ ጋሽ ላቀው ጥያቄውን ትተውታል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ገዛኸኝ ፊታቸው ጠቆረ። አቶ ላቀው ጉልበታቸውን አሹና ቀና አሉ።

«አቶ ደምሰው፣ አልተውነውም» አሉ። «ግን እግሬን መኪናው በላው። ልጅዎን ልንጠይቅ መጥተን አልዋሽዎትም። እኔ በተቀመጥኩበት ላይ የልጅ ልጅዎ እንድትቀመጥ አልለምንም።»

መምሬ ፍሥሐ ሳል ሳሉ። አቶ ገዛኸኝ ሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ልጁ ራሱ ይናገር ብለው ስልካቸውን አወጡ፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፈቱት።

፲

ስልኩ።

አቶ ገዛኸኝ፦ አቤኔዘር፣ አባትየው እየሰሙህ ነው።
አቤኔዘር፦ እሺ። ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ደምሰው።
አባቴ፦ ልጅቷን የት ነው የምታስቀምጣት?
አቤኔዘር፦ ከኋላ ነዋ። አሰፍቼላታለሁ እኮ። ወንድምየውም ትበቃታለች ብሏል።

(ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።)

እኔ፦ ዘጠኝ ሴንቲ ነው።

(ማንም አልገባውም።)

አባቴ፦ ስታድግስ?
አቤኔዘር፦ እሱ አያሳስብዎት። ስንት ጊዜ ብትሳፈር ነው?
አባቴ፦ እንዴት ማለት?
አቤኔዘር፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ አይደል እኛ ጋ የምትመጣው? እርስዎን ለምዳለች። ለምን እናንገላታታለን ብዬ ነው።

፲፩

ቅዳሜ።

፲፪

ተንኮል አይምሰልህ። ተንኮል ቢሆን ይሻል ነበር፤ ተንኮለኛ ቢያንስ አስቦበታል። አቤኔዘር ደግ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር። ድምፁ ውስጥ ይሰማል። ለአንዲት ሕፃን ብሎ ወንበሩን ሰማያዊ ጨርቅ አልብሷል፣ ቅዳሜን ሰጥቷል፣ ሌላ ምን ይጠበቅበታል? እንዲህ ያለ ሰው ቤቱንም የሚሠራው እንደ መኪናው ነው። ከፊት ሁለት ሰው በደንብ ይቀመጣል። የቀረው ለመልስ ያህል ነው።

እኅቴ ጓዳ ነበረች። የምትጠየቅ ሴት ሳሎን አትገባም።

ገባች።

«አባዬ፣ ይህን አልነገረኝም» አለች።

ሶልያና ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

፲፫

አባቴ አልተቆጣም። ተነሣ፣ ጫማውን አሰረና ወጣ። እኅቴና ልጇ ተከተሉት። እኔም ወጣሁ።

አቤኔዘር ከመኪናው ሊወርድ ሲል አባቴ ቁልፉን ጠየቀው። ሰጠው። አባቴ በትሕትና፣ ተሳፋሪ እንደሚያስገባ ሰው፣ ወንበሩን አጠፈለት።

«ግባ ልጄ፤ ከኋላ።»

አቤኔዘር ሳቀ። ከዚያ አባቴን አየው፤ እኅቴን አየ። ማንም አልሳቀም።

ገባ።

ሶልያና ከጎኑ ገባች። እኅቴ ከፊት ተቀመጠች። አባቴ የሹፌሩን ወንበር ለራሱ እግር እስኪመቸው ወደ ኋላ ሳበው።

፲፬

በዚህ ቁጥር ውስጥ እኔ የለሁም። መኪናው ውስጥ ለእኔ ቦታ አልነበረም። የሆነውን የነገረችኝ ሶልያና ናት።

የአቤኔዘር ጉልበት አገጩ ጋ ደረሰ።
አያቷ ጉብታ ሲያይ ቀስ አላለም።
እናቷ ወደ ኋላ አልዞረችም።
ቀለበት መንገድ ወጥተው ረጅም ሄዱ።
ለእሷ ቦታ ስላልነበር እግሯን እሱ ላይ ዘረጋች።
አንድ ነገር ጠየቀችው፦ «ከእሑድ እስከ ዓርብ እማዬ የት ናት?»
እግሬ ደንዝዟል አላት።
እንደገና ጠየቀችው።

፲፭

በዚያ ጊዜ እኔ ቤት ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ። አቶ ገዛኸኝና መምሬ ፍሥሐ እንደቆሙ ናቸው። አልተመለሰላቸውማ። ውኃ ላምጣ ወይ ለማለት ፈልጌ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

አቶ ላቀው ሶፋው ላይ ሆነው ሁለቱን ያዩአቸዋል። ከዚያ የሶፋውን ክንድ ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ተነሡ። ከጓደኞቻቸው ጎን ሄደው ቆሙ። እንደገና ሊለምኑ ይሁን ወይስ ሊሄዱ፣ አልጠየቅኳቸውም። ቃል አይወጣኝም ብያለሁ።

፲፮

መኪናው ተመለሰ። አቤኔዘርን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በብብቱ ይዤ። ሸሚዙ ረጥቧል። አጥሩን ይዞ በአንድ እግሩ ቆመ።

«እሸጠዋለሁ» አለ ለእኅቴ። «አራት በር እገዛለሁ።»

«ስለ በር አልጠየቅኩህም» አለችው።

ሶልያናን አያት። ከዚያ በፊት በደንብ ያያት አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ ግን አያት።

«ሰባቱንም ቀን» አለ።

ከልቡ ይሁን ከጉልበቱ አላውቅም። ሰው ሲያመው የማይለው ነገር የለም። እኔ ይህን ሰውዬ እንቀዋለሁ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስንቀው አይተሃል፤ ስለዚህ እኔን አትጠይቀኝ። ንቀቴም ቢሆን እንደ ማንኛውም ልኬት ሊሳሳት ይችላል።

እኅቴ እሱን አየችው። እግሩን ሳይሆን ፊቱን። ከዚያ ወደ አባታችን ሄዳ በጆሮው ነገረችው። አጭር ነበር። ከንፈሯን ማየት እችል ነበር፤ ግን እኔ ያን ጊዜ ዐይኔን መሬት ላይ ነበር የተከልኩት። እንደ ልማዴ።

፲፯

አባቴ ወደ ቤት ገባ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ቆመዋል።

በየተራ አያቸው። በመጨረሻ የአቶ ላቀውን ጉልበት አየ።

አባቴ፦ አሁን ተቀመጡ።