ባዶው ጓንት

ኦዜል ፔትዌይ ያለ ኳስ መጫወትን አምርሮ ይጠላ ነበር። ነጮቹ ሊያዩአቸው በመጡ ቁጥር የጥቁሮቹ ቤዝቦል ቡድን፣ የቤተል ስፕሪንግስ ጭልፊቶች፣ ከግጥሚያው በፊት ይህን ማሳየት ነበረባቸው፤ ወርዋሪው ባዶ እጁን ይወረውራል፣ መቺው የሌለውን ኳስ ይመታል፣ ሌላው ዘልሎ አየር ይቀልባል። ከእውነተኛው ጨዋታ ስለማይለይ ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኦዜል ግን ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሳምንቱን ሙሉ በጡብ ፋብሪካ እቶን ጡብ ሲያቃጥል የሚውል፣ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ ዲያቆን ነው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልብ የቡድኑ ኳስ ተቀባይ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እዚህ ቀልድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

"ሳቃቸው ነው በሩን የሚያስከፍትልን" ይለዋል የቡድኑ መሪ ጋሽ ለሙኤል።

"እስካሁን የተከፈተ በር አላየሁም፣ ጋሼ።"

ያን ቅዳሜ ግን በር የሚከፈት መስሎ ነበር። የክር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የፋብሪካውን የነጮች ቡድን ካሸነፋችሁ በጋውን ሙሉ እሑድ እሑድ በሜዳችን ትጫወታላችሁ ብሎ በሰው ፊት ቃል ገብቷል። ፋብሪካው ራሱ እሑድ አይጫወትም፤ ሜዳው ተቆልፎ ነው የሚውለው። ጭልፊቶቹ የሚጫወቱት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ላም በሚግጥበት ጉድጓዳም መስክ ላይ ነበር። በጸደይ ከሁሉም ፈጣን የሆነው ሯጫቸው እዚያው እግሩ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ያነክሳል። የክር ፋብሪካውን ሜዳ አጥር ጡብ ደግሞ ያቃጠለውም፣ ተሸክሞ ያቀረበውም ኦዜል ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት በሩን ከበስተኋላው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲህ የገባው ለማሳቅ ከሚጠሩት ጓደኞቹ ጋር ብቻ ነው።

ነጮቹ በተመልካቾች ዳስ ጥላ ሥር፣ የጭልፊቶቹ ወገኖች ከገመድ ወዲያ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው የሥራ አስኪያጁ አማች፣ ባለ ግሮሰሪው ሚስተር ቴት ነበር። የሚፈርደው ቀላል ነው፤ በመቺው ደረትና ጉልበት መካከል፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ነጭ ሰሌዳ በላይ ያለፈውን ውርወራ "ገባ"፣ የሳተውን "ወጣ" ይላል። አራት "ወጣ" የተቆጠረለት መቺ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለት ሯጮች ከሚቆሙባቸው ሦስት ማረፊያዎች ወደ አንደኛው፣ በነጻ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ጭልፊቶቹ ሲመሩ እስኪታዩ ድረስ ቴት ደህና ፈርዷል። በመጨረሻው ዙር በአንድ ነጥብ ሲቀድሙና አንድ መቺ ከጨዋታ ማስወጣት ብቻ ሲቀራቸው ግን ዓይኑ ተለወጠ። ወጣቱ ወርዋሪ ታድ ሬምበርት ኳሱን በሰሌዳው መሐል ቢያሳልፈውም ወጣ፤ ጉልበት ድረስ ዝቅ ቢያደርገውም ወጣ። ሦስቱም ቤዞች በነጻ በሄዱ ሰዎች ተሞሉ። ለአራተኛው መቺ ሦስት "ወጣ" ተቆጠረለት። አንድ ቢጨመር ሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ ይገፋሉ፣ የፊተኛውም ነጥብ አስቆጥሮ እኩል ይሆናሉ፤ የሚቀጥለውም መቺ በዚሁ መንገድ ካለፈ አለቀ።

ኦዜል ቁጢጥ እንዳለ፣ ፊቱን ሳያዞር ከኋላው የቆመውን ዳኛ ጠየቀ። "ጌታዬ፣ ይኼኛው በየት በኩል ነው የወጣው?"

"አንተ ልጅ፣ አፍህን ዘግተህ ቀልብ።"

ቴት በዕድሜ ታናሹ ነበር። ኦዜል ተነሥቶ ወደ ታድ ሄደ።

"ኳሱን እንዳትለቀው" አለው። "ጠዋት ለሳቅ የወረወርከውን ወርውር።"

ታድ ዓይኑን አፈጠጠ። "አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?"

"በመሐል ብትሰደውም ወጣ ነው። ኳሱን ለምን እናደክመዋለን?"

የማስመሰል ውርወራ ጥፋት መሆኑን ኦዜል ያውቃል፤ ቅጣቱም ያንኑ አንድ ነጥብ ያሰጣል። ግን ነጥቡ ከቴት አፍ ሊወጣ እንደተዘጋጀ ከጀርባው ይሰማው ነበር።

ታድ እጁን አሽከርክሮ ወረወረ። ወደ ቦታው የተመለሰው ኦዜል ጓንቱን በቡጢው ጧ አደረገው።

"ወጣ!" አለ ቴት፣ ጥርጥር በሌለው ድምፅ።

ኦዜል ቀስ ብሎ ተነሣ። ጓንቱን ከፍቶ፣ እሑድ የምጽዋት ሳህን እንደሚዘረጋ አድርጎ ለዳኛው ዘረጋለት። ባዶ ነው። ታድ ከወዲያ ኳሱን ወደ ላይ አነሣ።

በጥላው ሥር ያሉት የተለመደው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ከገመዱ ወዲያ አንዲት ሴት፣ "እኛ ያላየነውን የሚያይ ነቢይ ተነሣልን" ስትል ተሰማች።

መቺው፣ የፋብሪካው ፈታይ ወጣት፣ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ቴት ወደ ቤዙ እንዲሄድ ጮኸበት። ወጣቱ ጓንቱን አየ፣ ዳኛውን አየ፣ ከዚያ ዱላውን ጥሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ፍርዱ ሐሰት መሆኑን ያወቀ ሰው አካሄድ ነበር። ኦዜልን ከቴት ይልቅ ያንገበገበው ይህ ነው።

ቴት ስለ ማስመሰል ውርወራው ትንፍሽ አላለም፤ ቢናገርማ ኳሱን አለማየቱን ማመኑ ነው። ጭልፊቶቹ በሜዳው ላይ ስለቀለዱ ተሸንፈዋል ብሎ ፈረደ። "ይህ የቤዝቦል ሜዳ እንጂ የቀልድ መድረክ አይደለም" አለ። ጠዋት የሌለውን ኳስ ሲቀልቡ ከማንም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ በጭነት መኪናው ላይ ጋሽ ለሙኤል ተናገረ። "ሜዳውን አሳጣኸን፣ ኦዜል።"

"መቼ ሰጡን?"

"ታድ መወርወር ነበረበት። መቺው መትቶት፣ ኳሱን በአየር ላይ ቀልበነው ልናሸንፍ እንችል ነበር። ሰው እስከ መጨረሻው ይሞክራል።"

ኦዜል ይህን ቃል ሳምንቱን ሁሉ እቶኑ ፊት ቆሞ ሲያብሰለስለው ሰነበተ።

በሳምንቱ እሑድ ላሞቹ በሚግጡበት መስክ ላይ ሰው ከወትሮው በዝቶ መጣ። ያለ ኳስ የሚጫወቱትን አሳዩን አሉ። ጋሽ ለሙኤል ኦዜልን በዓይኑ ጠየቀው። ኦዜል የብረት ጭንብሉን አጥልቆ ከሰሌዳው ኋላ ቁጢጥ አለ። ታድ ባዶ እጁን ሲወረውር፣ መስኩ ሙሉ በአንድ አፍ፣ በቴት ድምፅ፣ "ወጣ!" አለ። ሰዎች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ኦዜልም ሳቀ።

ከዚያ ኳሱ መጣና ጨዋታው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ የተሰበረውን ሯጭ ቦታ የያዘው አዲሱ ልጅ እግሩ ጉድጓድ ገብቶ ወደቀ። ልጁ ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ ተነሣ።

ኦዜል ጭንብሉን አወለቀ። ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ የክር ፋብሪካው ሜዳ አጥር ይታያል፤ እያንዳንዱን ጡብ ያውቀዋል። ከበስተኋላው ሜዳው፣ ሣሩ ታጭዶ፣ መስመሩ በኖራ ተሰምሮ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ማንም ሳይረግጠው እየዋለ ነበር።