የሦስተኛው መስኮት ሰው

«ታታሪ ሠራተኛችን ነበር» አለ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የልጅቱ እናት ፊት ጎንበስ ብሎ።

ልጅቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆም አለች። ታታሪ? አባቷን እንደዚያ አታውቀውም። ላለፉት አራት ዓመታት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያይ ነበር። «ውሎ እንዴት ነበር?» ሲሉት «ያው ነው» ይላል። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቷ አልቆ «አባዬ፣ አንተ እኮ በቁምህ ሞተሃል!» ብላዋለች። ፈገግ ብቻ አለ። በአምስተኛው ቀን፣ ባንኩ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ሥራ አስኪያጁን ተከትለው የመጡ ሁለት የአባቷ ባልደረቦች በሩ አጠገብ ይንሾካሾካሉ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ በቀን የሚያስተናግደው ሰው ከሁላችንም ያነሰ ነበር።»

«ቀስ በል፣ ይሰማሉ።»

ሰምታለች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የባንኩ ጥበቃ ብቻቸውን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ያዙ። አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባቴ ሰነፍ ነበር እንዴ?»

ቀና ብለው አዩዋት።

«ማነው እንዲህ ያለሽ? እሱ እኮ መስኮት ሦስት ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላው መስኮት ባዶ ሆኖ እንኳ ሰዉ እሱን ይጠብቅ ነበር። አዛውንት ደንበኞችን በየስማቸው ይጠራል። ማንበብ ለማይችል ፎርም ይሞላል። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹አዛውንቶች ቆመው ከሚውሉ ወንበር ይደርደርላቸው፤ እኛም እየተፈራረቅን ትንሽ እንረፍ› ቢል፣ ይኼ ሥራ አስኪያጅ ‹የቀጠርንህ እንድትሠራ እንጂ እንድታስብ አይደለም› አለው። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ።»

«እሱስ?»

«አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፁን አልሰማነውም። የታዘዘውን ብቻ፣ በታዘዘው ልክ። እጁ ይመጣል እንጂ ልቡ አይመጣም። እኔማ ‹ደግነቱ ልቡ ቤቱ ነው፣ ከልጁ ጋር ነው› እያልኩ እጽናና ነበር።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች።

«ልቡ ቤትም አልነበረም፣ ጋሼ» አለች። «እኛም ምን እንደሆነ አልጠየቅነውም።»

ሽማግሌው እጇን ያዝ አደረጓትና ቆባቸውን አንሥተው ወጡ።

ሲመሽ ሰማዩ ሊዘንብ አጉረመረመ። ልብስ ለማስገባት ጓሮ ወጣች። የአባቷ የሥራ ሸሚዝ፣ የአንገት ቁልፉ እስከ ላይ ድረስ እንደተቆለፈ፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል። አወረደችው። ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመችና፣ የሚያመው ሰው ልብስ እንደምታላላ ሁሉ ቀስ ብላ የአንገቱን ቁልፍ ፈታችለት።