ያልተቆጠረችው እህት

ታላቅየዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ገጣሚ ናት። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ ታናሿን ሚጣን ያስተማረቻትም እሷ ናት። ሚጣ ዲግሪዋን ይዛ የመጣች ቀን ከሁሉ ቀድማ አቅፋ ሳመቻት። ከንፈሯ ይሳም እንጂ አንጀቷ ያር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ይቆረቁራት ጀመር። እናታቸው መድኃኒት ሲገዛላት "ሚጣ ታንብብልኝ፤ የተማረች እሷ ናት" ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ "የተማረችውስ የታለች?" ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምርቃት ፎቶ ስትወለውል እንኳ ጠንከር አድርጋ ነበር የምታሸው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ሰው በሩን አንኳኳ። አንድ ትልቅ ድርጅት ወደ ከተማዋ ሊገባ አስቦ፣ ከከተማዋ ሠራተኛ ስንቱ ባለዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል አለ። የታላቅየዋን ሥራ ጠይቆ መዘገበ።

"በዚህ ቤት ዲግሪ ያለው ሰው አለ?"

ሚጣ ጓዳ ልብስ ታጥባለች። የታላቅየዋ አፍ ከልቧ ቀደመ።

"የለም።"

ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ዞር ስትል ሚጣ እጇ አረፋ እንደሆነ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሻል? ስደቢኛ!"

"ምን ብዬ እሰድብሻለሁ፣ እታለም? ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጌ አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ስትወጪ በመስኮት አይሻለሁ። ምነው እንዳንቺ ባረገኝ እላለሁ።" እጇን በቀሚሷ አበሰችና፣ "ለምን ፋብሪካው ይዘሽኝ አትሄጂም?"

ታላቅየዋ ደሟ ፈላ። "እሱንም? እማዬ ያንቺ፣ ጎረቤቱ ያንቺ፣ ግድግዳው ያንቺ! እሱን እንኳ ተዪልኝ!"

"እሺ" አለች ሚጣ፤ ወደ እጥበቷም ተመለሰች።

ያቺ "እሺ" ከስድብ ባሰች። ታላቅየዋ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጥታ ሰውየውን ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ደረሰችበት።

"ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው። አንዲት አለች፤ እህቴ።"

"ጥሩ። የት ነው የምትሠራው?"

"ሥራስ የላትም።"

ሰውየው እስክሪብቶውን ከደነው። "እንግዲያው አትቆጠርም። እኛ የምንቆጥረው ሥራ ላይ ያለውን ነው። እርስዎ ግን ገብተዋል።"

እሷ ተቆጥራለች፤ ሚጣ አልተቆጠረችም! ደስታው እስከ እግር ጥፍሯ ወረደ። እስከ ቤቷ በር ግን አልዘለቀላትም። ያ ሁሉ ዓመት መኪና ላይ የጎበጠችው ለዚህ ነበር?

ሰኞ ጠዋት ሚጣን ከኋላዋ አስከትላ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ዲግሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ልጅቷን ኮሌታ አላስነካትም፤ ፎቅ ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ አስቀመጣት። ታላቅየዋ ካቀረቀረችበት ቀና ባለች ቁጥር የእህቷን ጫማ ከላይ ታያለች። ያው የድሮው ነገር እንደገና ጎመዘዛት።

በምሳ ሰዓት ሚጣ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። አለቆቹን ትታ፣ በሰፊዎቹ መሃል እህቷ አጠገብ የምትቀመጥበት ቦታ ፈለገች። አግዳሚው ሞልቷል።

ታላቅየዋ ቀና ብላ አላየቻትም። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጠጋ አለችላት።