በየጠዋቱ የምትጠፋው ቅጠል

አባዬ የጥልፍ ማሽኑን እንደ ልጅ ነበር የሚወዳት፤ አንዳንዴም ከልጅ አስበልጦ። የሆቴል ፎጣ፣ የተማሪ ባጅ፣ የነርስ ጋዋን ላይ የሚጠለፍ ስም፣ ሁሉም በእሷ አልፏል። ማሽኗም እንደ እሱ አርጅታ ነበርና የምትሰማው ሊኑክስ በሚባል የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከሚሠራ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የቀድሞው ኮምፒውተር ሲሞት አዲሱ አላውቃትም አለ።

ታላቅ ወንድሜን ጠራነው። ሰፈሩ "ኢንጂነሩ" ይለዋል፤ እኔ እንደዚያ የምለው ሲያናድደኝ ብቻ ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና "አዲሱን ኮምፒውተር አንነካውም፤ የድሮውን ሊኑክስ በኮንቴይነር እዚሁ ውስጥ እከፍትላችኋለሁ" አለ። አባዬ ግራ ሲገባው ጊዜ፣ "በትልቅ ቤት ውስጥ እንዳለች ትንሽ ክፍል ቁጠራት" አለው። "ውሃውም መብራቱም ከትልቁ ቤት ነው፤ ውስጧ ያለው ግን ማሽንህ የምታውቀው የድሮ ዕቃ ብቻ።" ክፍሏ ወዲያው ተከፈተች፤ ማሽኗም መጥለፍ ጀመረች። አባዬ የወንድሜን ግንባር ሳመ።

አባዬ አንድ አመል ነበረበት፤ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ ክፍሏ ማታ ስትዘጋ ከነኮተቷ እንድትጣል፣ ጠዋት ከዋናው ቅጂ አዲስ ሆና እንድትከፈት አደረጋት። አባዬ የፈለገውን ቢያበላሽ በነጋታው ንጹህ ናት። የደንበኞችን ዲዛይን ራሱ ወንድሜ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ይልክልን ስለነበር ትእዛዝ ጠፍቶብን አያውቅም። ለእኛ ግን አልነገረንም፤ ምን ያደርግላቸዋል ብሎ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ከማሽኗ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አንድ የትራስ ልብስ ይቀመጥ ነበር። ሳታገባ በፊት በእጇ የጠለፈችው ነው፤ ቅጠል በቅጠል የሚወጣ ሐረግ፣ ጫፉ ላይ ወፍ። ክሩ እየሳሳ ሲሄድ አባዬ ስዕሉን ወደ ኮምፒውተሩ ሊያሻግረው ፈለገ። ሥራ ሲቀዘቅዝ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ነጥብ በነጥብ ይስላል። ሴቭ ማድረግም ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ የክር ጫፍ ስቆርጥ አየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁሌም የመጀመሪያዋ ቅጠል ላይ ነው። "አባዬ፣ ይቺ ቅጠል የከርሞ ጥጃ ሆነችብህ እኮ" እለዋለሁ። ይስቅ ነበር። እየቆየ ሳቁ አጠረ። አንድ ቀን "ትናንት ወፏ ጋ ደርሼ አልነበር?" አለኝ።

"በህልምህ ይሆናል" አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ታላቅ እህቱ፣ አክስታችን፣ የገዛ ልጆቿን ስም ዘንግታ ነው የሞተችው። ያስታመማት እሱ ስለሆነ በሽታው እንዴት እንደጀመራት ያውቃል። እኛ ሥራው የሰለቸው መስሎን ነበር፤ እሱ ለካ ፍርሃቱን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ኖሯል። ደንበኛ ሲያናግረው ወደ እኔ ማየት ጀመረ። የክር ቀለም እንኳ ሳይጠይቀኝ አይመርጥም። በመጨረሻ ማሽኗን ለአንድ ልብስ ሰፊ አስረክቦ ቤት ዋለ። ለምን ስንለው "ደከመኝ" ብቻ አለ።

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ለልብስ ሰፊው ሊያደርስ ሲመጣ ባዶው የጥልፍ ሱቃችን ውስጥ ቆመን ነበር። "የእማዬን ሐረግ እንኳ ሳይጨርስ" አልኩት።

"የምን ሐረግ?"

ነገርኩት። እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። "አባዬ ይስል ነበር?"

"ታዲያስ!"

"እኔ የምልክለትን ከፍቶ የሚያስጀምር ብቻ መስሎኝ… የሚስለውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ከክፍሏ ውጭ አላገናኘሁለትም። ሴቭ ያደረገው ሁሉ ማታ ማታ አብሮ ሲጣል ነበር።" እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ ግን በየጠዋቱ ስታሾፍ የነበረችው እኔ ነኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ወደ አባዬ ገሰገስን። ወንድሜ አባዬ ፊት ቅጠል ሳለ፣ ሴቭ አደረገ፣ ክፍሏን ዘግቶ መልሶ ከፈታት። ቅጠሏ የለችም። "አየህ? ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ደህና ነህ፣ አባዬ። ማሽኗንም አስመልሳለሁ።"

አባዬ የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን እኛን ነበር። "አሁን እንድትጠፋ አድርገህ ሠራሃት" አለ ቀስ ብሎ።

"የእማዬ አጥንት ይውቀሰኝ፣ አይደለም።"

"እንግዲያው እኔ የሳልኩትን አሳየኝ።"

ወንድሜ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈተ፤ ባዶ ነው። የሚያሳየው አንዲት ነጥብ እንኳ አልነበረችውም።

"እኔም እህቴን እንዲህ ነበር የምላት" አለ አባዬ። "‹ደህና ነሽ፣ ዕቃሽን ያዛወርነው እኛ ነን› እላታለሁ። ደስ ይላት ነበር። ተባረኩ፣ ጥሩ ልጆች ናችሁ።"

ተነሥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ብርድ ልብሶቹን ሳያገላብጥ፣ ሳይፈልግ፣ እጁን ከሥራቸው ሰደደና ከሱቁ ይዞት የመጣውን የእማዬን የትራስ ልብስ አወጣ። አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"አንቺ ያዥው፣ የኔ ልጅ" አለኝ። "እኔ የት እንዳደረግሁት እረሳለሁ።"