ጣሪያ ላይ የወጡት ቲማቲሞች

ሴትዮዋ ወደ ጓሮ ሲወጡ ቲማቲሞቻቸው የሉም። ግንቡ ሥር የቀረው የስድስት ባልዲ ክብ ክብ ምልክት ብቻ ነው። የልጃቸው ባል ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ይመጣል ለተባለው ነፋስ ሲያሰናዳ ነበር፤ በቃ፣ ጥሎብኛል ብለው ደመደሙ።

"እማማ፣ ምን ጠፋዎት?" አለ ድምፁ ከላይ።

ቀና ሲሉ አማቻቸው ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብሏል። ባልዲዎቹም ከነቲማቲማቸው በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል።

"ምን ሊሠሩ ወጡ እነሱ?"

"ቆርቆሮውን ሊይዙ ነዋ። የእኔ የሆነ ሁሉ የእናንተ ነው ብለውኝ የለ?"

ብለዋል። ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ የመጡ ዕለት፣ ሻንጣቸው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ለአፍ ያህል ያሉት ነው። አማቻቸው ደግሞ የተባለውን እንደተባለ የሚይዝ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ መሬት ሞልቶ ሳለ ቲማቲሙን በቀለም ባልዲ የተከሉት፣ አብሮ መኖሩ አልሆን ካለ አንስተው ለመሄድ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም። የቀረበላቸውን ይበላሉ፤ ምን ይፈልጋሉ ሲባሉ መልሳቸው "ምንም" ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ልጃቸው ከጨቅላዋ ጋር ተኝታለች። ባለፈው ነፋስ ቆርቆሮው ተነስቶ ዝናቡ አልጋው ድረስ ገብቶ ነበር። ጣሪያ ጠጋኙ እስከ ሳምንት አልደርስም ብሏል፤ አማቻቸውም ክብደት ያለው ድንጋይ ፈልጎ አጥቷል።

ነፋሱ ገና ሲጀማምር አንደኛው ባልዲ ወዝወዝ አለ። ተክሎቹ ወገብ ይደርሳሉ፤ ቅጠላቸው ነፋሱን እንደ ሸራ ይዞ ባልዲውን ሊገለብጠው ነው። ሰውየው ባልዲውን በእጁ ደግፎ ቁልቁል አያቸው።

"ተቆጡ መሰለኝ። ላውርድልዎት?"

"ምንም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

"አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ አይነካም። ሰው ለወጉ ያለውን ሁሉ ተሸክመህ ጣሪያ ትወጣለህ?"

"ይቅርታ፣ እማማ።"

"አታውርድ። መቀስ ላቀብልህ፤ ከሥሩ ቁረጠው። አፈሩን ደግሞ ውሃ አጠጣው፣ ይከብዳል።"

"ሁሉንም? ፍሬ ይዟል እኮ።"

"ፍሬውን ወርውርልኝ። አንዱ ግንባሬን ቢለኝ ግን ለሚስትህ ነው የምናገረው።"

ያልበሰሉትን ቲማቲሞች አንድ በአንድ በሽርጣቸው ተቀበሉ። የመጨረሻው ሲወርድ ወደ ቤት አልገቡም።

"ነፋሱ ሲያልፍ ግንቡ ሥር ያለውን መሬት ትቆፍርልኛለህ" አሉ። "ባልዲ አልፈልግም።"

ሰውየው ከጣሪያው ሆኖ ግንቡን በዓይኑ ለካ።

"እስከ የት ድረስ?"

"እስከ በሩ።"

ነፋሱ ቅዳሜን ሙሉ ነፍሶ እሑድ ቆመ። ቆርቆሮው አልተነሳም። ሰኞ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ አካፋ ይዞ ወደ ግንቡ ሄደ።